የጎን ስፌት

ክር ሻጯ ያየችው ቀሚሱን ብቻ ነው። ሱቁ ገና እንደተከፈተ የታዘዘችውን ጥቁር ገበር ልታደርስ ገብታ፣ በስፌት መኪናው ላይ አንድ ግራጫ ቀሚስ ተገልብጦ ተዘርግቶ አገኘች። ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጋ የቀሚሱን ወገብ በስንዝር ለካችው።

«ልጅህ ደረሰች በለኛ» አለች። «ጎረቤት ሆነን እንዲህ ይደበቃል?»

«የቷ ልጅ?»

«ባለ ቀሚሷ ናታ። ይሄ እኮ የኮረዳ ወገብ ነው። እኔም እንዲህ ያለ ወገብ ነበረኝ ጋሼ፣ ምስክሮቹ ሞተውብኝ እንጂ።»

ልብስ ሰፊው ሴት ልጅ የለውም። ያለው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም ሥራ ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ ቆይቷል፤ እሑድ እሑድ ይደውላል። ይህን ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ሴት ልጅ የለኝም ካለ የሚከተለው ጥያቄ «ታዲያ የማን ነው?» እንደሆነ ገባውና «አዎ» ብሎ መኪናውን ማዞሩን ቀጠለ። ክር ሻጯ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ሠርጉ መቼ ነው አለችው፤ ገና ነው አላት። ልጁ ምን ይሠራል አለችው፤ ቢሮ ነው አላት። ስትወጣ ከቦርሳዋ አንድ ነጭ ክር መዝዛ «ይሄ ለሙሽሪት፣ ከኔ» ብላ መኪናው አጠገብ አኖረችለት። እሱም አመሰገናት። እግሯ እንደወጣ ክሩን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተውና በሩን ገርበብ አደረገው።

ቀሚሱ የሚስቱ ነበር። ከታመመች ወዲህ ሲያጠብበው ይህ ሦስተኛው ነው። ጉርዶቿን፣ ሱሪዎቿን፣ ሹራቦቿን ሳይቀር አጥብቧል። ሐኪሙ ካንሰሩ ከአንጀቷ ተነስቶ ጉበቷ ላይ መድረሱን የነገራቸው ቀን እሷ አላለቀሰችም። ቤት ደርሰው ጫማዋን እያወለቀች ነበር የተናገረችው። «እኔ እናቴን አስታምሜያለሁ» አለችው። «ልብሷ እላይዋ ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ ያደረግንላት ሁሉ እሷን ማድከም ብቻ ነበር። እኔም ልብሴ እላዬ ላይ የተንጠለጠለ ቀን የመድኃኒቱን መርፌ አቆማለሁ። ያን ቀን እንዳትለምነኝ። ቃል ግባልኝ።» እሱም ገባላት። ሚስቱ አንዴ ካለች አለች ነው፤ ይህን ከተጋቡ ጀምሮ ያውቃል። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ አንድ ጠዋት ሰማያዊ ጉርዷን ለብሳ ስትንጎዳጎድ፣ ከኋላ መሆን የነበረበት ዚፕ ዞሮ ሆዷ ላይ መምጣቱን አየ። እሷ ገና ልብ አላለችውም። ስትጋደም ጠብቆ ጉርዱን ለካውያ ነው ብሎ ሱቅ ወሰደው። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ይጸልይ ነበር፤ ወይም ቁጭ አድርጎ ያባብላት ነበር። እሱ የሚያውቀው ልብስ ማጥበብ ነው።

ይህን ያህል የሚጠብ ልብስ ትርፉ ተቆርጦ ጠርዙ መዘምዘም አለበት፤ ሙያውን የጀመረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እሱ ግን አልቆረጠም። ትርፉን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ በእጥፉ ላይ ሌላ እጥፍ ይደርባል፣ ከዚያ ካውያውን አግሎ ጠፍጣፋ እስኪሆን ይጫነዋል። ጠፍጣፋ አይሆንም። ዛሬም ተጭኖት ሲያበቃ የቀሚሱ ሁለት ጎን እንደ ገመድ ያበጠ ነበር። ከላይ ሲያዩት ግን አያስታውቅም። አጣጥፎ በላስቲክ ከረጢት ከተተውና ሱቁን ዘጋ። መንገድ ላይ ሙዝ ገዛላት፤ ሌላ ነገር አልወርድላት ብሏል። ዋጋው ከትናንት ወዲያ ጨምሮ ስለነበር ሻጩን ምነው ቢለው «ሙዙ ያው ነው አባት፣ ብሩ ነው የከሳው» አለው። ልብስ ሰፊው ሳይስቅ ከፈለ።

ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ማድ ቤት ነው። ማድ ቤቱን አሁን የያዘችው የሚስቱ ታናሽ እህት ናት፤ እህቴን ላስታምም ብላ ከመጣች ጀምሮ ልብስ የምታጥበው፣ የምታሰጣው፣ አጣጥፋ ቁምሳጥን የምትከተው እሷ ናት። ስለዚህ ታውቃለች። በመጀመሪያው ወር አንድ ቀን፣ የተገለበጠ ሱሪ በእጇ ይዛ «ምንድን ነው ይሄ ወንድም ጋሼ?» ብላው ነበር። ነገራት። ሱሪውን ወደ ደጉ ገልብጣ አጣጠፈችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም። የሚጠበውን ልብስ ከረጢት ውስጥ ከታ በሩ አጠገብ ታስቀምጥለታለች፣ እሱ ይዞ ይወጣል፣ ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ማድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ስለ ውኃው መጥፋት፣ ስለ ጋዙ፣ ስለ ልጁ ስልክ ያወራሉ። ዛሬ ግን ከረጢቱን ተቀብላው አልሄደችም።

«ሽፍታው ብሶባታል» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሌሊቱን ስታክክ ነው ያደረችው። ዛሬ ለዶክተሩ አሳየዋለሁ ብላለች።»

«ነግራኛለች።»

«ከመድኃኒቱ ነው እያሉ ነው።»

«ይላሉ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ሙዙን ሳህን ላይ ደረደረው። እሷም ከረጢቱን ይዛ ወደ እህቷ ገባች። ሚስቱ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ በሁለቱም ጎን ቀልታ ይበላት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኗል። ነርሷ ቅባት ሰጥታት ነበር፤ ቅባቱ ሌሊት ያስታግሰዋል፣ ቀን ልብስ ስትለብስ ይመለሳል። ልብስ ሰፊው ምክንያቱን ያወቀው የዛሬ ሳምንት ነው፤ ቅባቱን ጀርባዋ በኩል ሲቀባት። ቅላቱ እንደ ሽፍታ የተበታተነ አልነበረም። በጠመኔ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነበር፤ ከሱ በቀር ማንም የማያውቀው መስመር። እጁን ታጥቦ ውጭ ወጥቶ ቆመ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ መላ ሲፈልግ ሰነበተ፤ ትርፉን ቆርጦ ቢጥለው ማሳከኩ ይተዋል። መቀሱን ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለት ጊዜ አስቀመጠ።

ሚስቱ ለብሳ ወጣች። ከመታመሟ በፊት በሱቁ ውስጥ ዝምዘማውም ቁልፉም የሷ ነበር፤ እሱ ይቆርጣል፣ እሱ ይሰፋል፣ ልብሱ የሚያልቀው በሷ እጅ ነው። ደንበኞች «ጨራሿ የለችም?» ይሉ ነበር። አሁን መስታወት ብዙም አታይም። ፊት ሰው ሲደክመውም ይከሳል፣ ቀለበት ጣት ሲቀዘቅዝም ይላላል ትላለች፤ ሆስፒታል ሚዛን ላይ ስትወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው፤ ነርሷም ልማዷን አውቃ ሳትናገር ትጽፋለች። የምታምነው ልብስን ነው። በሩ ላይ ቆማ መዳፏን ወገቧ ላይ አሳረፈች።

«አየህ፣ ልኬ ነው» አለች። «ይልቅ የከሳኸው አንተ ነህ። ሰው አንድ ላይ ሲያየን የቱ ነው በሽተኛው የሚል ይመስለኛል።»

«ልክሽ ነው» አላት።

ታናሽ እህቷ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።

ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ምግብ አሠራር ያሳያል። ማንም አያየውም። ሁሉም የሚያየው ሌላውን በሽተኛ ነው፤ ማን ከኔ ይሻላል፣ ማን ይብሳል። ከፊት ለፊታቸው አንዲት ሴት በሰፊ ካፖርት ውስጥ ሰምጣ ተቀምጣለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗቸዋል። ሚስቱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «ምስኪን፣ ልብሷን እያት» አለችው። እሱ ጫማውን አየ። «የኔ እናትም እንዲህ ነበር የሆነችው። ይቺ ሴት ሰው የላትም እንዴ፣ በቃሽ የሚላት?» አለች ቀጥላ። ተራቸው ሲደርስ ሚዛን ላይ ወጣች፤ ግድግዳውን እያየች፣ እጇ ጎኗን እያከከች።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ሲናገር ሰው ሳያቋርጥ ይጨርሳል። በመጀመሪያ የነገራቸው ደግ ወሬ ነበር። የጉበቷን አዲስ ፎቶ መብራት ላይ አድርጎ፣ ይቺ ነበረች፣ ይቺም ነበረች፣ አሁን እብጠቶቹ አንሰዋል እያለ በብዕሩ አሳያቸው። መድኃኒቱ እየሠራ ነው አለ። ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ወዲያው ስለ ጎኗ ነገረችው። ከመጋረጃ ኋላ አስተኝቶ አያት። ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ሆኖ «እዚህስ? እዚህ ጋስ?» ሲል ይሰማዋል። ዶክተሩ ብቻውን ወጥቶ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ ብዕሩን አነሳ።

«ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ ይነካል» አለ፣ መጋረጃው ኋላ ላለችው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እንዲህ ቆስሎ እያለ መቀጠሉ ያሰጋኛል። ከዛሬ ጀምሮ በሌላ እቀይርልዎታለሁ። እንደዚህኛው ጠንካራ አይደለም፤ ግን ይስማማዎታል።»

«ይሻላል ዶክተር» አለች ሚስቱ ከመጋረጃው ውስጥ። «እንቅልፍ ነስቶኛል እኮ።»

ብዕሩ መጻፍ ጀመረ። ልብስ ሰፊው እጆቹን ጭኖቹ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቆይቶ ተመልሼ ለብቻው እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ፤ ግን የሚጻፈው አሁን ሄዶ አሁን የሚቀመም ነው። ጠጋ ብሎ ቢያንሾካሹክለትስ? መጋረጃው ስስ ነው፤ ከኋላው ቀሚሷን ስትለብስ የጨርቁ ድምፅ እንኳ ይሰማል። ዝም ቢል ልብሷ ልኳ እንደሆነ ይቀጥላል፣ እሷም መርፌውን ትቀጥላለች፤ ደካማውን መርፌ። ቢናገር የሚሠራው መርፌ አይቀየርም፣ እሷ ግን ላትወስደው ትችላለች። ዶክተሩ ገጹን ሊገለብጥ ሲል ልብስ ሰፊው ተነስቶ ቆመ። ለምን እንደተነሳ አላወቀም፤ ተቀምጦም መናገር ይችል ነበር።

«መድኃኒቱ አይደለም» አለ። «ቀሚሱ ነው።»

«የቱ ቀሚስ?»

«የለበሰችው። የጎኑ ስፌት። ያጠበብኩት እኔ ነኝ፤ ትርፉን ሳልቆርጥ ወደ ውስጥ አጥፌዋለሁ። እሱ ነው የሚፈገፍጋት። ሁሉም ልብሷ እንደዚያው ነው።»

ከመጋረጃው ኋላ የጨርቁ ድምፅ ቆመ። ዶክተሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ መጋረጃውን አየ፤ ለምን እንዳጠበበው ሊጠይቅ ብሎ ተወው። ፈቃድ ጠይቆ ወደ ውስጥ ገባ። ትንሽ ቆይቶ «ልክ ነው፣ መስመሩ ይገጥማል» ሲል ተሰማ፤ ለማንም የተናገረው አይመስልም። ተመልሶ የጻፈውን ሰረዘ። ሚስቱ ስትወጣ የቀሚሷ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል፤ ሰው ልብስ ሲያዛንፍ ማየት የማትወድ ሴት ናት። ባሏን አላየችውም።

«ስንት ነኝ?» አለችው ዶክተሩን።

«ምን?»

«ኪሎዬ።»

ነገራት። ስትጀምር ስንት እንደነበረች ጠየቀችው፤ እሱንም ነገራት። መቀነሷ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት እንዳልሆነ፣ የሚበላ ነገር ላይ አብረው እንደሚሠሩ፣ ያው መድኃኒት ከልብሱ ለውጥ ጋር ቢቀጥል እንደሚመክር አስረዳት። ጨርሶ እስኪናገር ጠበቀችው። «አመሰግናለሁ፤ ውጭ ትንሽ ልቀመጥ» አለች።

መተላለፊያው ላይ ተቀመጡ። በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ነበር፤ እሷ ናት የተወችው። ነርሷ ብቅ ብላ የዛሬው መድኃኒት የሚቀመመው ከምሳ በፊት ስለሆነ ቶሎ ቢወስኑ አለችና ተመለሰች። ባለ ካፖርቷ ሴት ሄዳለች። ሚስቱ ለረጅም ጊዜ ቴሌቪዥኑን አየች።

«ስንቱን?» አለች።

«ሁሉንም።»

«ጥቁሩን ካፖርቴን?»

«እሱንም።»

«የሌሊት ልብሴንስ?»

«እሱ ላስቲክ ነው። ላስቲኩን ቀየርኩት።»

በአፍንጫዋ ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣ፤ ሳቅ ግን አልሆነም። «ቃል ገብተህልኝ ነበር» አለች።

«አትለምነኝ ነው ያልሽው። አልለመንኩሽም።»

«አዎ፣ አልለመንከኝም። ምነው በለመንከኝ።»

«ለምኜሽ እሺ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

እጇ ጎኗን ሊያክ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። «ሚዛኑን አላየሁም፣ መስታወቱን አላየሁም» አለች ቀስ ብላ። «ስለ ራሴ የማውቅበት አንድ ነገር ነበረኝ። እሱን ነው የወሰድክብኝ። እሺ፣ ነገ ደህና ነሽ ስትለኝ በምን ልመንህ?»

ልብስ ሰፊው አንድ ነገር መናገር እንዳለበት ያውቃል፤ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ የሚናገረው ነገር አለ፤ ግን ምን እንደሆነ ተምሮት አያውቅም። ሱቅ ውስጥ አብረው ሲሠሩ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ክር አቀብይኝ፣ መቀሱን አየኸው፣ ይሄ እጅጌ አላጠረም ወይ ነበር፤ ይበቃቸውም ነበር። እሷ የቀሚሷን ጠርዝ ከጉልበቷ በላይ ከፍ አድርጋ የጎኑን ስፌት ከውስጥ በኩል ገለበጠችው። ልብስ ሲመጣላት ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታደርገው መገልበጥ ነበር። እጥፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ ወደ ላይ ተከተለችው።

«እኔም አንድ ቀን ገልብጬ አላየሁትም» አለች። «ስንት ጊዜ ለበስኩት። አንድ ቀን።» ከዚያ የጨራሽነት ድምጿ መጣ። «ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? ተለማማጅ እንኳ እንዲህ አያደርግም። ሦስት እጥፍ። ለምን አልቆረጥከውም?»

«ኋላ ሲተረተር ጨርቅ ይፈልጋል።»

«ለምን ይተረተራል?»

«ስትወፍሪ።»

ለደንበኛ የልብስ መውሰጃ ቀን እንደሚነግር ነበር የተናገረው። እሷ ቀና ብላ አየችው፤ ከክፍሉ ከወጡ ወዲህ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ጠርዙን ለቀቀችው፤ ቀሚሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ነርሷ በሩ ላይ ቆማለች።

«እናቴ፣ ምን ልበላቸው?»

«መቀስ ይዘሃል?» አለችው ሚስቱ ባሏን።

ከደረት ኪሱ የክር መቁረጫዋን ትንሽ መቀስ አወጣ፤ ከሱ ተለይታ አታውቅም።

«ዛሬ ትተረትረዋለህ። ቤት ያለውንም፣ አንድም ሳይቀር። የከሳሁትን ያህል ይንጠልጠልብኝ፤ ልየው።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ፤ አድርገው። የሚመጣውን መርፌ ስለመውሰዴ ደግሞ አልነግርህም። ሲደርስ እኔ ነኝ የማውቀው። የዛሬውን እወስዳለሁ።» ወደ ነርሷ ዞረች። «ይቀመም በያቸው።»

መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል ረጅም ነው፤ በመስኮቶቹ ሥር ወደ ኋላ የሚጋደሙ ወንበሮች አሉት። ነርሷ የሆስፒታሉን ጋውን አመጣችላት። ቀሚሱን አውልቃ ለባሏ ሰጠችው፤ ጋውኑ በጣም ሰፋት። መርፌው ቀኝ እጇ ላይ ገባ። ጠብታው ሲጀምር እሱ በርጩማ ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ቀሚሱን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አኖረ፣ የመጀመሪያውን ክር ፈልጎ ቆረጠ። ስፌቱ ሦስት ጊዜ በላይ በላዩ የተሄደበት ስለሆነ በቀላሉ አልለቅ አለው፤ ጨርቁም ካልተወጠረ ይሸበሸባል። ጥቂት ታገለ። ሚስቱ ጥቂት አየችውና የቀሚሱን አንድ ጫፍ በግራ እጇ ስባ ያዘችለት። ከዚያ ፈጠነ። ነርሷ ጠብታውን ለማየት ስታልፍ መሬት ላይ የተበተነውን የክር ቁርጥራጭ አይታ ሱቅ ከፈታችሁ ወይ አለቻቸው።

«ቅርንጫፍ ነው» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን ከመቀሱ ሳታነሳ።

አንዴ «ጨርቁን እንዳትነካው» አለችው፤ አንዴ ደግሞ ውኃ ፈለገች። መድኃኒቱ ሲያልቅ የቀኙ ጎን ተተርትሮ ነበር፤ የግራው ገና ነው። እንደዚያው ለብሳው ወጣች።